እጅ የተጫነባት ላፕቶፕ

እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። አዳማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ግጥም በስክሪን የምናሳይባት አሮጌ ላፕቶፕ አለች። ሃርድ ዲስኳ ቋ ቋ ማለት ሲጀምር ሽማግሌዎቻችን እጅ ጭነው ጸለዩላት። እኔ ግን በሆዴ እየሳቅኩ አብሮን ወደሚያመልከው ጠጋኝ፣ ገመቹ ጋ ወሰድኳት።

«ሁሉንም ወደ አዲስ ዲስክ እገለብጠዋለሁ፤ እንደገና የሚጫን ነገር የለም» አለኝ።

ቅዳሜ ስሄድ እሱ ምሳ ወጥቶ ስለነበር እህቱ ሰጠችኝ። ስከፍታት ድምጿ ጠፍቷል፣ ፍጥነቷ ጉድ ነው፣ አንድም መዝሙር ከቦታው አልተነቃነቀም።

እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ገመቹ ሙያ መሰከርኩ። ጉባኤው በእልልታ ቤቱን አቀለጠው። ገመቹ ብቻ ኪሱን እየዳበሰ ያየኛል።

ስንወጣ በር ላይ ጠብቆ ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ።

«ወንድሜ፣ አዲሱ ዲስክ ይኸው። ገና አልገጠምኩትም እኮ!»