የአያ እንዳላማው የኮንጎ ባርኔጣ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የአባቴ ወንድም አያ እንዳላማው ነበሩ። ቅኔ ጀምረው የተዉ፣ ቅኔው ግን ያልተዋቸው ሰው ናቸው። ተረታቸውን የሚጀምሩት ባርኔጣቸውን በማጥለቅ ነው፤ አረንጓዴና ቡናማ ጣል ጣል ያለበት፣ ዥንጉርጉር የወታደር ባርኔጣ። ኩራዙን ዝቅ አድርገው ከፍሙ አጠገብ ሲቀመጡና የኩበቱ ጢስ ጠርዙን ሲልሰው፣ ያኔ ዥንጉርጉሩ የሚንቀሳቀስ ይመስለን ነበር። ኮንጎ ዘምተው ጫካ ውስጥ ተኝተው ሳለ፣ ነብር መጥቶ ባርኔጣውን አሽትቶ፣ «የእናቴ ልጅ ነው» ብሎ አጠገባቸው እንደተኛ ይነግሩናል። ገበሩ ላይ የታተመችውን የደበዘዘች ወፍ እየነኩም «የኮንጎ ንስር ናት» ይሉናል። እኔ ግን ነብሩን ወደድሁት፤ ከብዙ ሰው የተሻለ ዘመድ ያውቃልና።

ከዚያ ሰው አገር ሄድሁ። ማንበቤ በዛ፣ ማመኔ አነሰ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ መሬት እንደገና በሚደለደልበት ዓመት ለጥየቃ ስመለስ አያ እንዳላማውን ጭንቅ ላይ አገኘኋቸው። ያኔ ያለፈውን ሥርዓት ያገለገለ ሰው «ቢሮክራት» እየተባለ መሬቱ ይቀነስበት ነበር። የመንደሩ ኮሚቴ ባርኔጣውን አይቶ የደርግ ወታደር ነበሩ ብሏቸዋል። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ካላስረዱ የወንዝ ዳሯ የጤፍ ማሳቸው ልትሄድ ነው።

ባርኔጣውን ተቀብዬ በኩራዙ ብርሃን ገለበጥሁት። ንስር የተባለችው ወፍ ዳክዬ ነበረች። እንዲህ ያለውን ባርኔጣ በሰው አገር የአሮጌ ዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ዳክዬ አዳኞች ከወፏ ዐይን ለመሰወር የሚያደርጉት እንጂ የጦር ዕቃ አይደለም። ወደ እኛ የመጣው ከፈረንጅ ልባሽ ጋር፣ በሰልባጅ ጥቅል ነው። ያኔም አልተጠራጠርሁም፣ ዛሬም አልጠራጠርም። ነገ ይህንኑ እናገራለሁ፣ ወታደር አለመሆንዎ ይታወቃል፣ ማሳዎም ይተርፋል አልኋቸው።

አያ እንዳላማው ፍሙን ቆሰቆሱ።

«ልጆቼም የልጅ ልጆቼም በዚያ ነብር ነው ያደጉ» አሉ። «ማሳውን ይውሰዱት። ነብሬን አትንኪብኝ።»

አፌን እንድይዝም አስማሉኝ።

በማግስቱ ከዋርካው ሥር ሰዉ ተሰበሰበ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ከኋላ ተኮልኩለዋል። ሊቀመንበሩ ጢሙ ገና ያልበቀለ ወጣት ነው።

«አያ እንዳላማው፣ ይህን ባርኔጣ ከየት አመጡት?»

«ከኮንጎ» አሉ፣ ቀና ብለው።

ወታደርነቱን በአፋቸው አመኑ፣ ማሳዋ ሄደች ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው ሊቀመንበሩ የተጫማውን የላስቲክ ጫማ እያየ ይስቃል። ገበያው ሁሉ «ኮንጎ» የሚለው ያንኑ ጫማ ነው፤ ለዚያ ወጣት ኮንጎ ጫማ እንጂ አገር ሆኖ አያውቅም።

«ከኮንጎ ተራ? እዚያ ባርኔጣም ይገኛል እንዴ?»

«ያኔ የማይገኝ ነገር አልነበረም።»

አንዱ የኮሚቴ አባል፣ ከጫማው ላይ መርቀው ሰጥተዋቸው ይሆናል ብሎ ቀለደ። ሰዉ ሳቀ፤ የደርግ አይደለም ተባለ፤ ማሳዋም ቀረች። ከኋላ ያሉት ልጆች ግን አልሳቁም። እነሱ የሰሙት አገሩን ነበር፣ ነብሩን ይጠብቃሉ።

አንድ አገር ተረስቶ ጫማ ሆኖ መቅረቱ እያንገበገበኝ፣ ወደ ቤት ስንመለስ የትኛውን ኮንጎ እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ የሰማሽውን» አሉኝ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድባቸው ስበው።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ፤ እኔም እንደገና ከሰው አገር ሆኜ አረጀሁ። ስለዚያ ባርኔጣ ምንጭ የሚጠይቀኝ ካለ የዳክዬ አዳኞች ነው ብዬ ሳላመነታ እመልሳለሁ። ነብሩ ከየት እንደመጣ ግን ካነበብሁት ሁሉ አንድም መጽሐፍ አልነገረኝም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መጥቶ አጠገቤ የሚተኛው ግን እሱ ነው።