ሚዜው የተረታ ዕለት

ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሰዎቹ ግማሹን ሰዓት ቆመው ይተፋሉ፣ ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይስታል፣ እንደገና ይተፋሉ። ባለቤቴ ግን ጨዋታው ከተጀመረ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም። ያስለመደው ሥራው ነው። አሜሪካ እንደገባ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ተቀጠረ፤ አብሮት የተቀጠረው የሠርጋችን ሚዜ ነበር። አለቃቸው አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሲሆን፣ ሒሳብ በሚቀበሉባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ሬዲዮኑን ከቤዝቦል ወደ ሌላ እንዳያዞሩት አዟቸው ነበር። እንግሊዝኛውንና ጨዋታውን አንድ ላይ ለመዱት። ሚዜው በኋላ ሥራ ቀይሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ገባ፤ ክርክራቸው ግን አልቆመም።

ክርክሩ ምን መሰላችሁ? ሆል ኦፍ ፌም። የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር አዳራሽ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የስፖርት ጋዜጠኞች በየዓመቱ ድምፅ ይሰጡበታል፣ ውጤቱም በእኛ ገናና ጥምቀት አካባቢ ይሰማል። ባለቤቴንና ሚዜውን የጠየቃቸው ሰው የለም። እነሱ ግን ካልተከራከሩበት አዳራሹ የሚዘጋ ይመስላቸው ነበር። ስለ ወርዋሪዎቹ ብዙም አይጣሉም፤ የሚያባላቸው የመቺዎቹ ጉዳይ ነው፣ ከመቺዎቹም አንዱ። ይህ ሰውዬ ሥራው በዱላ ኳስ መምታት ብቻ ነው። ቡድኑ ሜዳ ወጥቶ ሲከላከል እሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል፤ ተራው ሲደርስ ይነሳል፣ ይመታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ስሙ አልያዝልኝ ስላለ ባለ ወንበሩ ነበር የምለው።

ባለቤቴ ይገባዋል ባይ ነው። ምታ ተባለ፣ መታ፤ ከሱ በላይ የመታ ስንት ሰው አለ ይላል። ሚዜው ደግሞ በፍጹም። ሌሎቹ ፀሐይ እየበላቸው፣ ጉልበታቸው እየተሰበረ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ግማሽ ሥራ ሠርቶ ከነሱ እኩል ምስሉ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው ወይ ብሎ ይነሳል። ይህን ስንት ዓመት ሰማሁት መሰላችሁ። በፋሲካ ሰምቻለሁ፣ በልደት ሰምቻለሁ፣ የልጃችን ክርስትና ዕለት ቄሱ ፊት ጀምረውት መግቢያ አሳጥተውኛል። ሚዜው አንድም ቀን፣ ለአፍ ያህል እንኳ፣ እሺ ብሎ አያውቅም። ልቡ ደግ ነው፣ የመጨረሻ ብሩን አውጥቶ ይሰጣል፤ በዚህ በባለ ወንበሩ ነገር ግን ድንጋይ ነው።

ታዲያ በሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በረዶው መጣል በጀመረበት ሰሞን፣ ባለቤቴ ጢሙን ሲላጭ መንጋጋው ሥር አንድ እብጠት አገኘ። ምንም አይደለም አለ። እኔ ሮክቪል በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ነኝ፤ ምንም አይደለም የተባለ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ይውጣ አሉ። ወጣ። ምንነቱን ለማወቅ ወደ ላብራቶሪ ልከነዋል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን። በቃ ይኸው ነው፤ እኔም የማውቀው እሱም የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

በነጋታው ሚዜው ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል መጣ። ባለቤቴ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ አባብጦ፣ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ስለዚያው አዳራሽ ያወራል። ባለቤቴ ዓይኑ በራ፤ በዚያች በሻከረች ድምፁ ዘንድሮ ባለ ወንበሩ ይገባል፣ ይገባዋልም አለ። እኔ ሚዜው ከመጀመሩ በፊት ልቆነጥጠው ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ፋሻውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረገለት።

"እውነትህን ነው" አለ። "ይገባዋል።"

ተባረክ አልኩ በሆዴ። በእኛ ወግ የታመመ ሰው አይከራከሩትም፤ ያለውን ሁሉ እሺ ነው። ባለቤቴ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሚዜው ምሕረቱን ያምጣልህ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረ።

"ዶክተሩ ምን አለሽ?"

ምንም አላለኝም አልኩት። እውነቴን ነበር። አንቺ የሙያ ሰው ነሽ፣ ለአንቺ ይነግሩሻል አለኝ። እኔ አረጋውያን የማጥብ ሴት እንጂ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነኝ እንዴ አልኩት፤ ደግሞም እዚህ አገር ሐኪም የሚናገረው ለታማሚው ለራሱ ነው አልኩት። አላመነኝም። ከዚያ ስለ አባቱ ነገረኝ። አባቱ አዲስ አበባ ታመው በነበረ ጊዜ ሐኪሙ ልጆቹን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ተስፋ የለውም አላቸው፤ እነሱም እንደ ወጉ ጨጓራ ነው እያሉ ደበቋቸው። ዓመታት በአጥር የተካሰሷቸው አንድ ጎረቤት ነበሩ። እኚህ ሰው ሊጠይቁ መጡና አጥሩ ይቅር፣ መሬቱ ያንተ ይሁን ብለው ሄዱ።

"አባዬ ያን ቀን ነው ያወቁት" አለኝ ባለቤቴ። "እኛ ስንዋሻቸው ያላወቁትን፣ ሰውየው አጥሩን ሲለቁላቸው አወቁ።"

ምን ልበል? ዝም ማለቴን ደግሞ እንደ ማመን ቆጠረው።

ቤት ከገባን በኋላ የባሰ ሆነ። ምግቡን እየነካካ ይተወዋል። አንድ ቀን ና ቁርስ ብላ ስለው፣ ምድር ቤት ወሰደኝና የውኃው መዝጊያ የት እንዳለ አሳየኝ። ሌላ ቀን ማሞቂያው ቢጠፋብሽ እንዲህ አድርገሽ ታበሪዋለሽ አለኝ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ማሞቂያውን አንድ ጊዜ አስነክቶኝ አያውቅም፣ ታበላሺዋለሽ ነበር የሚለኝ። እኔም በተራዬ ልቤ ሸሸ። ሐኪሙ እኔ ውጭ ስጠብቅ የሆነ ነገር ሹክ ብሎት ይሆን? ለእኔ አዝኖ ደብቆኝ ይሆን? መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ለካ በር ላይ ቆሞ ይሰማኛል። እሱ በእኔ ልቅሶ፣ እኔ በሱ ኑዛዜ፣ አንዳችን አንዳችንን እየጎተትን ገደል ልንገባ ሆነ።

ለሚዜው ልደውልለትና ና እባክህ፣ እንደ ወትሮህ ተጣላው ልለው ስንት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ መሰላችሁ። ግን ባለቤቴን አውቀዋለሁ። ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት ይላል፣ ነገሩ ይብስበታል። ስልኩን መልሼ አስቀምጣለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ራሱ ደወለ። ባለቤቴ እንግሊዝኛ አያንሰውም፣ የሕክምና ነገር ሲሆን ግን አስተርጓሚ ይጠይቃል። መስመሩ ላይ አንዲት ሐበሻ አስገቡለት። ስፒከሩን ከፈትኩት። እብጠቱ ደህና ነው፣ ካንሰር አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ሌላ ሕክምና አያስፈልግም አለችው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ተመስገን፣ ተመስገን ስል እሱ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ይህቺ ልጅ ያገር ልጅ ናት" አለኝ። "ለበሽተኛ እንዴት እንደሚነገር ታውቅበታለች።"

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ የያዝኩትን ጨርቅ ወረወርኩበት። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር አልሰማህም ወይ? ሰምቻለሁ ይላል። ታዲያ? እሱንም እናንተ ብላችሁት ይሆናል ይላል። አንድ የአሜሪካን ሐኪም የእኛን ይሉኝታ ከየት አምጥቶ ነው የሚዋሽልን? አንተ ሰው፣ ድነሃል እኮ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ፈገግ አለልኝ፤ ያቺ ፈገግታ ናት የገደለችኝ። እኔን ሊያጽናናኝ ነበር። እኔም ለካ ትንሽ ጥርጣሬ በሆዴ ቀርታ ኖሯል፣ ሲያጽናናኝ ጊዜ ተቀሰቀሰች።

ለሚዜው የነገርኩት ያንኑ ብቻ ነው፤ ውጤቱ መጣ፣ ነፃ ነው ተባለ አልኩት። ስለ ሌላው ትንፍሽ አላልኩም። ተመስገን አለና እሑድ እመጣለሁ አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ፤ ብርቱካንና ሙዝ ይዟል። ተቀመጠ። እንዴት አደርክ፣ ቁስሉ እንዴት ነው፣ እንቅልፍ እንዴት ነው። ሻይ ሰጠሁት። ስለ በረዶው አወራ፣ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ስለተገለበጠ መኪና አወራ። ስንት ደግ ነገር ተናገረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለልጅ እንደሚያወሩ። ባለቤቴ በጋቢው ውስጥ ሆኖ አየኝ። አየሽ? ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ጥርሴን ነክሼ፣ በል እንጂ፣ አንድ ነገር በል እንጂ እላለሁ በሆዴ። ሰውዬው ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሊሄድ ነው ብዬ ሻይ ልጨምርለት ተነሳሁ።

ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያን ቀን ሆስፒታል ያልኩህን ነገር አንስቼዋለሁ" አለ።

ባለቤቴ ቀና አለ። የቱን ነገር አለው፣ እንደማያውቅ።

"የሰውዬውን ነገር ነዋ። አይገባም። ፋሻውን ሳይ ደንግጬ ነው የዋሸሁህ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሁን ከዳንክ በኋላ ልሸከምልህ አልችልም። ግማሽ ሥራ የሠራ ሰው እዚያ አዳራሽ አይገባም፣ አለቀ።"

ሚዜው ያጠፋ መስሎት ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ ባለቤቴ። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ከዚያ ድገመው አለው። ምኑን? አሁን ያልከውን። ሚዜው ደገመው፣ ይባስ ብሎ ጨመረበት፤ እንኳን አዳራሹ፣ የአዳራሹ ፓርኪንግም አይገባውም አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ። ስፌቱ እየሳበው፣ አንገቱን በእጁ ደግፎ ሳቀ። ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ አለቀሰ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሚዜው ግራ ገብቶት፣ ምነው፣ ምን አልኩ ይላል። እኔም እያለቀስኩ ነበር። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዳነ ማለት ያኔ ነው በእውነት የገባኝ።

ባለቤቴ ፊቱን ጠርጎ ሲጨርስ የመጀመሪያው ቃሉ አንተ ደንቆሮ የሚል ነበር። ከዚያ ገቡበት። ማን ስንት መታ፣ ማን ስንት ዓመት ተጫወተ፣ ጋዜጠኞቹ ምን ያውቃሉ፣ አንተስ ምን ታውቃለህ። ባለቤቴ በመሀሉ ሙዙን ልጦ ይበላል፣ አንዱን ጨርሶ ሌላ ያነሳል፣ ማንም ብላ ሳይለው። ሚዜው ተነስቶ በሌለ ዱላ እየመታ ያሳየዋል። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል ብዬ ብፈራም ዝም በሉ ማለት አቃተኝ።

ሲመሻሽ ልሸኘው በር ድረስ ወጣሁ። ጫማውን እያሰረ ወደ ሳሎኑ በዓይኑ አመለከተኝ፤ ባለቤቴ እዚያ ብቻውን ቁጭ ብሎ ገና ይከራከራል።

"እህቴ፣ አበዛሁበት እንዴ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ስፌቱ እንኳ በቅጡ አልደረቀ።"

"ተመለስና ጨምርበት" አልኩት።