ከኮምቦልቻ ሰርግ መልስ፣ የሐረጎ ፍተሻ

ኩታበር፣ እሑድ ንጋት

ፈጅር ሰግደን ወጣን። እኔ ትልቁን የካሜራ ቦርሳ ይዣለሁ፣ ልጄ ሐያት ትንሹን ይዛለች። ጭጋጉ ገና ከመሬት አልተነሳም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት እንኳ አይታይም። እንዲህ ያለውን ጠዋት በፊት እወደው ነበር፤ ለፎቶ ደግ ብርሃን አለው። ከጦርነቱ ወዲህ ግን የማላየው ነገር ሁሉ ያስፈራኛል።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች ልንገራችሁ። ኩታበር ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። በገበያ ቀን ገበሬው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ይመጣል። በሩ ጀርባ የሰቀልኩትን ኮት አለብሰዋለሁ፣ ክራባቱን አስርለታለሁ፣ "አገጭህን ቀና አድርግ" እለዋለሁ፤ እሱም ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ይደርቃል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ካሜራ እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ሐያትን ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ፤ ካሜራ ከማስያዜ በፊት ያስተማርኳትም አለመዋሸትን ነው። የሰው ገመና ፎቶ አንሺ ቤት ያድራል። ፎቶ አንሺ ውሸታም ከሆነ ሰፈር ያፈርሳል።

የዛሬው ሥራ ኮምቦልቻ ነው፤ ሰርግ ነው። እኔ ወንዶቹን አነሳለሁ፣ ሐያት ሴቶቹን። በእኛ በሙስሊሞቹ ሰርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ናቸው። ሙሽራዋ ፀጉሯን ገልጣ፣ አጊጣ፣ ከእህቶቿና ከጓደኞቿ ጋር እንዳሻት ትጨፍራለች። እዚያ ወንድ አይገባም፤ ፎቶውንም ባዕድ ወንድ አያየውም፤ እኔም ብሆን አላየውም። ሐያት አንስታ፣ አትማ፣ በፖስታ አሽጋ ለሙሽራዋ እናት በእጇ ትሰጣለች። ይህን የምትሠራ ሌላ ሴት በአካባቢው ስለሌለች እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ይጠሩናል።

የሚኒባሱ ሹፌር ያውቀኛል።

"አያ ሰይድ፣ ያን ሁሉ ተሸክመው ወዴት ነው?"

"ኮምቦልቻ።"

"ካሜራ ነው?"

"አዎ።"

"እግርዎ ሥር ያድርጉትና ጋቢ ጣል ያድርጉበት። ሰሞኑን ካሜራ ከክላሽ ይብሳል።"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጋቢዬን አውልቄ ቦርሳው ላይ ጣል አደረግሁ።

ደሴ፣ ረፋድ

ከጦሳ ተራራ ሥር ደሴ እንደወትሮዋ ቀዝቅዛ ተቀበለችን። ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ወርጄ የማተሚያ ወረቀት መግዛት ነበረብኝ። ሰው ከሰው ይጋፋል፤ ያገለገለ ልብስ በሸራ ላይ ተከምሯል፣ የበርበሬ ሽታ ያስነጥሳል፣ ጋሪ የሚገፉ ልጆች "ዞር! ዞር!" ይላሉ። ሐያት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከኋላዬ ትከተላለች። በየእርምጃው ዞር እያልኩ አያታለሁ።

"አለሁ፣ አባ። የትም አልሄድኩም" አለችኝ ተሰላችታ።

ወረቀት ሻጩን ስለ ኮምቦልቻ መንገድ ጠየቅሁት።

"እስካሁን ክፍት ነው" አለኝ።

ሻይ ያፈላችልንን ሴት ጠየቅሁ። "እስካሁን ደህና ነው" አለች። መናኸሪያ ትኬት የሚቆርጠውም "እስካሁን" አለ። በዚህ ዘመን ከዚህች ቃል ያለፈ ዋስትና የሚሰጥ ሰው የለም። የመኪናው ሂሳብ ጨምሯል፤ ሰው ያጉረመርማል፣ ይከፍላል፣ ይሳፈራል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠመዘዛል። በአንድ በኩል ተራራ ነው፣ በሌላው ገደል። አንዱ ኩርባ ላይ ታጣቂዎች ቆመው ሹፌሩን አነጋገሩና አሳለፉን።

ኮምቦልቻ፣ ቀትር

ኮምቦልቻ ይሞቃል። ከሚኒባሱ ስንወርድ ጋቢዬ ሸክም ሆነብኝ። የሰርጉ ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ከጓሮ የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። የሙሽራዋ እናት እትዬ መዲና በበርበሬ የቀላ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በክንዳቸው ሰላም አሉን።

ከሴቶቹ ክፍል በር ላይ አንዲት ኮስታራ አክስት ሳፋ ይዛ ተቀምጣለች። የገባች ሴት ሁሉ ስልኳን ሳፋው ውስጥ ታስቀምጣለች፤ በስልክ ማንሳት ክልክል ነው። ሳፋው በስልክ ሞልቶ በየሰከንዱ ይንጫጫል። ካሜራ ይዛ የገባችው ሐያት ብቻ ናት።

እትዬ መዲና ወደ ጎን ጠሩኝ።

"ሰይድ፣ ልጄ ናት። የእህቶቼም ልጆች አሉ። ፎቶው አማና ነው። ሰማኸኝ?"

"ሰምቻለሁ፣ እትዬ። አማና ነው።"

አማና ቀላል ቃል አይደለም። አደራ ነው፤ አላህ የሚጠይቅህ አደራ።

ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹን፣ ጋብቻው የሚታሰርበትን ኒካሁን፣ ሙሽራውን አነሳሁ። ከግድግዳው ወዲያ እልልታውና መንዙማው ይሰማል። በመሐል ከውጭ አንድ ነገር ጧ! ብሎ ፈነዳ። ድንኳን ሙሉ ሰው በአንዴ ጎንበስ አለ። ጉርሻ የያዘ እጅ አየር ላይ ቀረ። እኔ ወደ ሴቶቹ በር ሮጥኩ፤ አክስትየዋ ሳፋዋን እንዳቀፈች መንገዴን ዘጋች።

"የባጃጅ ጎማ ነው፣ ወንድሜ። ተመለስ።"

የባጃጅ ጎማ ነበር። ሰው ተያይቶ ሳቀ፤ መልሶ መብላት ጀመረ።

ሐረጎ፣ ከአስር ሶላት በኋላ

የአስርን ሶላት ሰግደን ተነሳን። እደሩ አሉን፤ እኔ አይሆንም አልኩ። መንገዱ ነገ ክፍት ስለመሆኑ የሚነግረኝ አልነበረም።

ዳገቱን ስናጋምስ መኪኖች ተሰልፈው አገኘን። ጠዋት ያልነበረ ፍተሻ ነው። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላው ወርደው አንዲት ሴት ፈታሽ ፊት ይቆማሉ። ከፊታችን ካለው መኪና የወረዱ ጎረምሶች ስልካቸውን ሰጥተዋል፤ ፈታሹ በአውራ ጣቱ እየገፋ አንድ በአንድ ፎቶውን ያያል። ፎቶ የሚያየው ወንድ ነው።

ያን ጊዜ፣ ከመኪናው ሳንወርድ፣ የሐያትን ቦርሳ ከፈትኩ።

"አባ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"ዝም በይ።"

ሚሞሪውን ከካሜራዋ አወጣሁና በራሴ ላይ ካለው ኮፍያ እጥፋት ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ሁለቱንም ቦርሳ ይዤ ወርጄ ወንዶቹ ጋ ቆምኩ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ፎቶ አንሺ ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነበር፤ ፎቶውን ማዳን ብቻ አሰብኩ፣ ባዶ ካሜራ ለሌላ ሰው ምን እንደሚመስል አላሰብኩም።

ፈታሹ ወጣት ነው፤ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የእኔን ካሜራ ከፈተ፤ ሙሽራውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ድንኳኑን አየ።

"ሰርግ ነው?"

"ሰርግ ነው።"

ሁለተኛውን ካሜራ ከፈተ። አገላበጠው።

"ይሄኛውስ? ሚሞሪው የታለ?"

"የለውም።"

"ከሰርግ እየመጣህ? ባዶ ካሜራ?"

"ወላሂ የለውም" አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወላሂ ብዬ በሐሰት መማሌን ልጄ ከዚያ ማዶ ቆማ ሰምታለች።

ፈታሹ ክንዴን ያዘ። "ና ወዲህ" አለኝ። ጎረምሶቹ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወደተቀመጡበት ትልቅ ድንጋይ ይወስደኝ ጀመር።

"ኧረ ሽማግሌ ነው፣ ተዉት!" አለች አንዲት ተሳፋሪ።

"ያለዎትን ያሳዩዋቸውና እንሂድበት፣ አባባ! መሸብን እኮ!" አለ ሌላው።

ከዚያ የሐያትን ድምፅ ሰማሁ።

"ወንድሜ! ሚሞሪው አለ። የአባቴ ኮፍያ ውስጥ ነው።"

ደነገጥኩ። ገዛ ልጄ አሳልፋ የሰጠችኝ መሰለኝ። ከሴቶቹ ሰልፍ ወጥታ እየመጣች ነው፤ ሌላ ታጣቂ "ቁሚ!" ቢላትም አልቆመችም። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ የፈራሁበት ጊዜ የለም።

"ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለች ፈታሹ ፊት ቆማ። "የሴቶች ክፍል ነው። ፀጉራቸውን ገልጠው ነው የተነሱት። አባቴ ራሱ አላየውም፤ አንተም አታየውም። ሴቶቹን የምትፈትሽ ልጅ አለቻችሁ፣ እሷ ትየው።"

"ታዥኛለሽ እንዴ?"

"አፈር ስሆን፣ አላዝህም። እህት የለህም?"

ወደ እኔ ዞረ። "አምጣ" አለኝ።

ኮፍያዬን አወለቅሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ የለም ብዬ የማልኩበትን ነገር ከራሴ ላይ አወረድኩ። ሚሞሪው ከጣቴ አምልጦ አቧራው ላይ ወደቀ። ፈታሹ አነሳው፤ እፍ አለበት፤ በሁለት ጣቶቹ ይዞ አየው። ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ካሜራው በሌላ እጁ ነው። ከትቶ ቢከፍተው የሚያስቆመው አልነበረም። ያረብ፣ ያረብ እላለሁ በሆዴ።

"ነይ እስኪ!" ብሎ ሴቷን ፈታሽ ጠራ።

እሷና ሐያት ከሚኒባሱ ጀርባ ሄዱ። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ጎረምሶቹ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብለው ያዩኛል። ከመኪናው ጀርባ ድምፅ አይሰማም፤ ምን እያየች እንደምትቆይ አላውቅም። ሴት ብትሆንም ፊቷ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ድንገት "ውይ፣ ይቺ ደግሞ!" የሚል ሳቅ ሰማሁ።

ተመልሳ መጣች። "ሰርግ ነው። ሴቶች ናቸው፣ ይጨፍራሉ። ሌላ የለበትም።"

"ሁሉንም አየሽው?"

"ዓይን አለኝ።"

ፈታሹ ካሜራውን መለሰልኝ። "ሽማግሌ፣ ታዲያ ወላሂ ያልከው ምኑን ነው?" አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ደሴ

መኪናው ሲነሳ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። "አባባ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ለእርስዎ ግን ከእንግዲህ ኮፍያ ለብሶ መሳፈር ክልክል ነው።" መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ የፍርሃት ሳቅ ነበርና ቶሎ አላቆመም።

ሐያት በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

"አሳልፈሽ ሰጠሽኝ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ወደ ድንጋዩ እየወሰዱህ ነበር።"

"ቢያየውስ?"

"ቢያየው ፎቶ ነው የሚታየው። አንተ እዚያ ብትቀርስ፣ አባ?" አለች። ፍተሻው ላይ ያልወጣው እንባዋ አሁን ወረደ። ያን ያህል ፈርታ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ኩታበር መኪና ስላልነበረ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እህቴ ቤት አደርን። "አብሽር፣ አይዞህ፣ አለፈ" አለችኝ እህቴ። አልተበሸርኩም። ሐያት ከእንግዲህ ለሥራ ከኩታበር አትወጣም ብዬ ቆረጥኩ። ሰው ፎቶ ሳይኖረው ያገባል፤ ልጅ ግን ሌላ አትገኝም። ለአባቶች ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር።

ኩታበር፣ ሰኞ

በሰላም ገባን፣ አልሐምዱሊላህ። ሐያት ማተሚያው ወዳለበት ጓዳ ገብታ ከውስጥ ዘጋች። እኔ ደጅ ተቀምጬ፣ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ፣ እትዬ መዲና ጋ ደወልኩ። አማና ነውና የሆነውን ሁሉ መናገር ነበረብኝ። ፍተሻውን ነገርኳቸው። ሴቷ ፈታሽ ማየቷን ነገርኳቸው። መማሌንም አልደበቅሁም።

"ወንድ አይቶታል?" አሉኝ።

"አላየም።"

"እንግዲህ አማናው ደርሷል። ወላሂ ያልከውን ግን ለእኔ አትንገረኝ። እሱን ከአላህ ጋር ጨርስ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"የታናሿም ኒካህ ቀርቧል። ከሐያት ሌላ ሴት እቤቴ አላስገባም። ትመጣለች?"

ጓዳው ውስጥ የማተሚያው ድምፅ ቆመ። ሐያት እየሰማች ነው። ኩርባው፣ ድንጋዩ፣ ጎረምሶቹ ዓይኔ ላይ መጡ። አትመጣም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ትናንት የዳንነው በእኔ ብልሃት አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

"አብረን እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ" አልኩ።

"ወላሂ በለኝ፤ እንዳትቀሩብኝ።"

"ኢንሻአላህ ነው የምልዎት፣ እትዬ መዲና። ወላሂ አልልም።"