ያልበራው ቴስተርና የባለቤቴ ልብ

ዛሬ ኅዳር ስምንት ቀን ነው። ሙሉ ስሜ፣ ሰፈሩ ባወጣልኝ መሠረት፣ እስቲ ልየው ሳላይ አላምን ይባላል። ወላጆቼ ያወጡልኝም አለ፤ ነገር ግን በእሱ የሚጠራኝ የለም። ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት ሲሆን፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ይህንን የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ ፀጉር ሠሪ ናት። በስድስተኛ ወሯ ፅንሱ ከጨነገፈባት ወዲህ፣ የሕፃን ልቅሶ በሰማች ቁጥር ልቧ ይደልቃል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። ደንበኞቿ ልጆቻቸውን ታቅፈው ስለሚመጡ ሱቋን ዘጋች። ሐኪሟም፣ «ጭንቀቱንና የልብ ምቱን ያረጋጋልሽ እንደሆነ የምንሞክረው ሕክምና አለ። ቀዶ ጥገና የለውም፤ በግንባርሽ ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ እናሳልፋለን። ሁሉንም ሰው ግን አይረዳም» አለቻት። እሷ እሺ አለች። እኔን ግን ኤሌክትሪክ ከዚህ በፊት ይዞኝ ያውቃልና፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ሆነብኝ።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ እርጥብ ስፖንጅ በባለቤቴ ግንባር ላይ አስራ፣ ጣቷ ላይ የልብ ምት መለኪያ ሰክታ መሣሪያውን ከፈተች። በሙያዬ ደንብ ሳልፈትሽ የማምነው ሽቦ የለምና፣ ኤሌክትሪክ ሲነካ የሚበራውን ቴስተሬን ከኪሴ አውጥቼ ስፖንጁን ነካሁት። የቴስተሩ መብራት አልበራም።

«ተነሽ!» አልኳት። «ምንም ኤሌክትሪክ የለውም። እያሞኙሽ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በባትሪ ነው የሚሠራው» አለች ነርሷ። «የእርስዎ ቴስተር የሚያውቀው የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ነው።»

«ትናንት ይገድልሻል ስትለኝ አመሸህ፤ ዛሬ ደግሞ የለም?» አለች ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ከሁለት አንዱን ምረጥ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ተነሽ ብያለሁ» አልኩ፤ ከቃሌ መመለስ አልወድም።

ነርሷ አልተቆጣችም። የልብ ምት መለኪያውን ከባለቤቴ ጣት ነቅላ እኔ ጣት ላይ ሰካችው። መለኪያው ይንጫጫ ጀመር።

«ውይ! ታማሚው ማን ነው?» አለች ነርሷ።

ባለቤቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ቴስተር በአንድ እጄ እንደያዝኩ፣ የሌላው እጄ ጣት በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ወጥመድ እንደገባ አይጥ ቆሜ ነበር። ሳቀች። ልጃችንን ካጣን ወዲህ ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንተም ልጅ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን አልነሳም። ሱቄን መክፈት እፈልጋለሁ። ቁጭ በል» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። አባወራነቴን ነርሷ እንዳትዘነጋው ግን እግሬን አነባብሬ ነው የተቀመጥኩት።

ባለቤቴ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ተከታተለች። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ «ሚስትህ ሱቋን ከፈተች እኮ! ላንተ ያልነገረችህ መጥተህ ግድግዳውን ሁሉ እንዳትፈትሽባት ነው» አለኝ። አላመንኩትም። ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ከምሰሶ ጀርባ ተሸሸግሁ፤ ምሰሶው ቀጭን ስለሆነ ግማሽ አካሌ ውጭ ቀርቶ ነበር።

በሩ ተከፍቷል። ወንበሩ ላይ ያለችው ደንበኛ የታቀፈችው ሕፃን መንገዱን በልቅሶ ሞልቶታል። ባለቤቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለአፍታ ቆመች፤ ትንፋሿን ሳበች። ከዚያም ማበጠሪያውን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች።

ሕክምናው ይሁን፣ ጊዜው ይሁን፣ የራሷ ጥንካሬ ይሁን አላውቅም። እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ ይህንን ሄጄ በዓይኔ አረጋግጫለሁ።