ጠግበው ይሂዱ

ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ በሚረባበት ድርጅት ላቦራቶሪ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ነጭ ጋውኗን እስከ አንገቷ ትቆልፋለች። ምሳዋን ቆማ ትበላና ፍርፋሪውን በጣቷ ትለቅማለች። ሥራዋ ገና ያላደጉትን ሽሪምፖች አድርቆ መፍጨት፣ ፕሮቲንና ስባቸውንም መለካት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ሳይበሉ መዋል አለባቸው፤ አለዚያ ሆዳቸው ውስጥ ያለው መኖ እንደ ሥጋቸው ይቆጠራል።

አለቃዋ ውጤቱን ባየ ቁጥር ግራ ይገባዋል።

«የኛዎቹን ምን አወፈራቸው? ሳይበሉ አይደል እንዴ ያደሩት?»

«ሳይበሉ ነው» ትላለች፣ ከእጅጌዋ ላይ የመኖ ዱቄት እያራገፈች።

አንድ ቀን ሊፈጩ የተለዩት ሽሪምፖች ያሉበት ገንዳ ዳር ቆማ መኖ ስትበትንላቸው ደረስኩባት። አልደነገጠችም።

«መሞታቸው ላይቀር» አለችኝ፣ «ጠግበው ይሂዱ። በረሃቡ ጊዜ የኔዎቹ ሳይበሉ ነው የሄዱት።»