ቢጫው ዓሣ በተከለከለበት ወቅት

እኔ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም። ያደግኩት ሆሳዕና ዙሪያ፣ እንሰት እንጂ ሐይቅ በሌለበት አገር ነው። መንጠቆ መያዝ የጀመርኩት እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ ቮስሎሩስ ሰፈር ያለው ሱቄ በመሣሪያ ከተዘረፈ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው የሱቁን የብረት ፍርግርግ ባንኳኳ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳቦ የሚገዛውም፣ ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ የሚገዛውም እኩል ያስደነግጠኝ ጀመር። አንድ ደንበኛዬ አዝኖልኝ በመኪና አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ ግድብ ወሰደኝ። ውሃው ዳር እንደተቀመጥኩ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ መሄድ ልማዴ ሆነ። ሐኪም ያላገኘልኝን መድኃኒት እዚያ አገኘሁ ብል ማጋነን አይደለም።

የግድቡ ጠባቂ ሽማግሌ ዙሉ ነው። ደንበኞቼ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉኝ፤ አሥር ዓመት ስሸጥላቸው ስሜን የጠየቀኝ ሰው የለም። እሱ ግን በመጀመሪያው ቀን ጠየቀኝ፤ አስተካክሎ እስኪጠራውም ድረስ ደጋግሞ ተለማመደው። እኔም «ባባ» እለዋለሁ፤ አባባ እንደማለት ነው።

መስከረም ላይ በግድቡ በር ማስታወቂያ ተለጠፈ። እነሱ የሎውፊሽ የሚሉት ቢጫው ዓሣ ዕንቁላል የሚጥልበት ወቅት ስለሆነ እሱን ማጥመድ ተከልክሏል። ወንዙ ወደ ግድቡ የሚገባበት ጠጠራማ ቦታም ተዘግቷል። ካርፕና አምባዛ ማጥመድ ይቻላል፤ ግን ለእነሱ የሚሆን ዕቃ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው። ትንንሽ መንጠቆና የሚያብለጨልጭ የውሸት ዓሣ አይገባም። መረብማ ድሮም ክልክል ነው።

ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ ስንት ዓመት ስሰለፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዱ መስኮት ይቻላል ያለውን ሌላው መስኮት አይቻልም ሲለኝ ነው የከረምኩት። የሚፈቀደውና የማይፈቀደው እንዲህ ተለይቶ ሲነገረኝ እንደ ክብር ቆጠርኩት። የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ገብቼ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሻጩን አሰለቸሁት። ይሄ መንጠቆ ለአምባዛ ይሆናል? ቢጫው ዓሣ ሊውጠው ይችላል? ይሄኛው ክርስ? ሰውዬው በመጨረሻ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ፤ ማስታወቂያውን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ስለነበር ራሴ እያስተያየሁ መረጥኩ። እንደ ትንሿ ጣቴ የሚረዝም መንጠቆ፣ ወፍራም ክር፣ ወደ ታች የሚያሰምጥ እርሳስ። ለአምባዛው የዶሮ ጉበት ገዛሁ። ለካርፑ ከሱቄ የበቆሎ ዱቄት ዘግኜ፣ የኩስታርድ ዱቄት ጨምሬ ገንፎ አገነፋሁ። ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ «ለእኛ እንዲህ አሳምረህ ሠርተህ አታውቅም» አለችኝ።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ እሱ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ነው። ከእኔ ሁለት መንገድ ወዲያ ሱቅ አለው፤ በአራት ዓመት ስለምበልጠው «ጋሼ» ይለኛል። ከተዘረፍኩ በኋላ ብቻዬን እንዳልፈራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሱቄ ወለል ላይ አብሮኝ የተኛው እሱ ነው። ከእናቴ ልጆች እንኳ ያንን ያደርጋል ብዬ የማስበው አንዱን ብቻ ነው። መንጠቆዎቼን ሲያይ ሳቀ።

«ጋሼ፣ በዚህ እኮ የሚያዘው በግ ነው!»

«ሕጉ ነው» አልኩት።

«እሺ፣ አንድ ቀን ውሰደኝና ሕግህን ልየው።»

በቀጣዩ ማክሰኞ ወሰድኩት። በሩ ላይ ሽማግሌው ቦርሳዬን ከፍቶ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ገንፎውንም አሸተተ። «ሻርፕ፣ ምፎዌቱ» አለኝ፤ ጥሩ ነው ወንድሜ ማለቱ ነው። ከዚያ በዓይኑ ወደ ወዳጄ አመለከተ።

«ወንድሜ ነው፣ ባባ» አልኩ።

ያሳለፈን ይሄ ቃል ነው። ወዳጄ በብብቱ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዞ ነበር፤ ማንም አላስፈታውም።

ተቀምጠን ብዙም ሳንቆይ «ጋሼ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ልጸልይ» አለኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ለብቻው ልጸልይ ብሎ ከተነሳ አይከተሉትም፤ የት ሄድክ፣ ምን ያህል ቆየህ አይሉትም። የሚንበረከክበትን ብርድ ልብስ ይዞ ሄደ። ሰውዬው ለካ ከአሥር ደቂቃ በላይ መጸለይ ይችላል ብዬ በልቤ ተደሰትኩበት። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። ጭቃ አዳልጦኝ ነው አለ። አመንኩት። ሞኝነቴን ሳስበው ዛሬም ያቃጥለኛል።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ከወንዙ መግቢያ በኩል መጣ። እርጥብ መረብ እየጎተተ ነበር። መረቡ ውስጥ አራት ቢጫ ዓሦች ነበሩ፤ የአንዷ ሆድ ተጨምቆ ዕንቁላሏ እንደ ማሽላ ፍሬ ሣሩ ላይ ይንጠባጠባል። ፊታችን አስቀመጠውና «የማን ነው?» አለ።

ወዳጄ ቀደመኝ። «ብራዘሬን ጠይቀው፤ ዕቃ የሚገዛው እሱ ነው» አለ በእንግሊዝኛ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ቀጠለ፤ «ጋሼ፣ በባዕድ ፊት አታዋርደኝ። ቤታችን እንነጋገራለን።»

እኛ እንዲህ ነን። እርስ በርሳችን እንበላላለን፤ ሌላ ሰው ሲመጣ ግን አፋችንን እንዘጋለን። የአገርህን ልጅ ለፈረንጅም ሆነ ለዙሉ አሳልፈህ አትሰጥም፤ ጉዳዩ በራሳችን ሽማግሌዎች ያልቃል። ይሄን ያስተማረኝ የለም፤ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው። ወዳጄም እንደማልናገር ያወቀው በዚሁ ነው።

«ያንተ ነው?» አለኝ ሽማግሌው። ዝም አልኩ። «ንገረኝ፣ ያንተ ነው?» ዓይኔን ዓሣዋ ላይ ተከልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ በስሜ ጠራኝና ጠየቀኝ። አልመለስኩም።

ደብተሩን አውጥቶ ስሜን ጻፈ። ፖሊስ አልጠራም፣ ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ አለኝ። መኪና ውስጥ ወዳጄ «ተባረክ ጋሼ፣ ሰው ነህ» አለኝ። መሪውን እንደያዝኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዮቪል ሰፈር ካለች አንዲት ምግብ ቤት ጓዳ አስቀመጡን። የጠየቅኩት ትልቅ ነገር አልነበረም። አብሮኝ ሄዶ መረቡ የኔ ነው ይበልልኝ፤ ውሃዬን ይመልስልኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ጸሎቱን ስነግራቸው አንደኛው ሽማግሌ ዓይኑን ጨፈነ።

ወዳጄ ተራው ሲደርስ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«አባቶቼ፣ እኔ መች አስገደድኩት? ሰውዬው ሦስቴ ጠየቀው። የሱ ካልሆነ የኔ አይደለም ይል ነበር። ዝም አለ። ዝም ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

ለእሱ ብዬ ዝም ያልኩትን ዝምታ አንስቶ ፊቴ ላይ ወረወረው። ከወለሌ ላይ የተኛው ሰው ይሄው ነው ወይ እያልኩ አፉን አየሁት። ጠላሁት። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል ተቀምጬ፣ ከልቤ ጠላሁት።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ትልቁ «ለዓሣ ብላችሁ ወንድማማችነታችሁን አታፍርሱ» አለና አስተቃቀፈን። ስለመረቡ ማንም ምንም አልፈረደም። ወዳጄ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አቀፍኩት፤ ሰው እያየ እንቢ ማለት አልችልም።

ማክሰኞ ብቻዬን ወደ ግድቡ ነዳሁ። ምንም ዕቃ አልያዝኩም። ጠባቂው ሽማግሌ ከበሩ ወዲያ ቆሞ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም አለኝ፤ በሩን ግን አልከፈተም። በፍርግርጉ በኩል ሁሉንም ነገርኩት፤ ብርድ ልብሱን፣ ጸሎቱን፣ መረቡ የማን እንደሆነ። ስጨርስ ይቅር በለኝ አልኩት።

«የሱ እንደሆነ ያን ቀን አውቄ ነበር» አለ። «እንዳንተ መንጠቆ ሲያስር ጣቱ የሚጠላለፍበት ሰው መረብ አይዘረጋም።»

«ታዲያ ለምን የኔን ስም ጻፍክ?»

«እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ። ሦስቴ ጠየቅኩህ፤ አልነገርከኝም።»

«አታሎኛል፣ ባባ። እኔንም አንተንም አታሎናል።»

ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እሱን አላውቀውም» አለኝ። «እኔ የማውቀው አንተን ነበር።»