ባስ እና ባሰበት

ጸጥ ያለ ቤት ሰላም ያለበት ቤት ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ዝምታን ሲያሞግሱ ያነበብኳቸው ጸሐፊዎች ሁሉ በር የሚዘጋ የራሳቸው ክፍል የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ እስራኤል ውስጥ፣ ረሆቮት ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ዝምተኛ አባት ጋር ያደገችን ልጅ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬም የመስኮቴን መዝጊያ ስስብ ማሰሪያው ፕላስቲኩን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርገው እጄ ባለበት ይቀራል። ያ ድምፅ አባቴ ነው።

አባቴ ታከለ ጠዋት ጠዋት አጠገባችን ባለችው ነስ ጺዮና ከተማ በአንድ የካርቶን ፋብሪካ እየሠራ፣ ከሰዓት በኋላ ባስ ጊታር ይጫወት ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የሠርግ ባንድ ነበረው፤ ሙሽሮቹ አንድ ኦርጋን ተጫዋች ብቻ መጥራት ሲጀምሩ ባንዱ ተበተነ። እናቴ አንዲት አሮጊት እያስታመመች እዚያው ታድር ስለነበርና ዓርብ ዓርብ ብቻ ትመጣ ስለነበር፣ ሌላውን ቀን ቤቱ የእኔ፣ የአባቴና የባሱ ድምፅ ማጉያ ነበር። ማጉያው በቁመት ከእኔ ብዙም አያንስም ነበር፤ አባቴ ሲጫወት ሹካዬ ሳህኑ ላይ ይርገበገብ ነበር፣ እኔም እያናገረኝ ይመስለኝ ነበር።

በመጸው፣ በዓላቱ እንዳለፉ፣ የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ መግቢያው በር ላይ ወረቀት ለጠፈ። «አንዳንድ ነዋሪዎች» ይላል እንጂ ስም አይጠራም፤ ባስ ያለው «አንዳንድ» ግን አንድ ብቻ ነበር። አባቴ አልተከራከረም። ማጉያውን ወስዶ ክፋር ማርሞሬክ በሚባል ሰፈር አጎቴ ግቢ ውስጥ አስቀመጠና፣ ከአንድ ወታደር አሮጌ የድምፅ ማሳመሪያ ሳጥን ገዝቶ ተመለሰ። «ኤፌክት» ይለው ነበር፤ የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ሦስት መርገጫና ቀያይ መብራቶች ያሉት ዕቃ ነው። በአንድ በኩል ጊታሩን፣ በሌላ በኩል የጆሮ ማዳመጫውን ይሰካበታል፤ ሳጥኑም ድምፁን አወፍሮና አስተጋብቶ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያስገባዋል። የአዳራሹ በር ግን የሚከፈተው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ እኔ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ እርሱ አልጋው ጫፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እየተጫወተ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየመታ፣ እንዲሁ ይመሽ ነበር። እኔ የሚደርሰኝ ጣቱ ክሩን ሲነካ የሚወጣው ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ ነው። አንድ ቀን «አባባ፣ እኔም ልስማ» አልኩት፤ ማዳመጫውን አውልቆ ራሴ ላይ አደረገልኝ። ያን ጊዜ ደግሞ እርሱ መስማት ስለማይችል አፈረና፣ የሰው ዕቃ እንደሚነካ ሰው አንዷን ክር አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ ማዳመጫውን መልሶ ወሰደ። «ሰማሽ?» «ቤሰደር» አልኩት፤ በዕብራይስጥ «ደህና ነው» እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ምኞት ብቻ ነበረኝ፤ ያ ሁሉ ሰዓት ብቻውን የሚሰማውን ነገር ሙሉውን አንድ ጊዜ መስማት።

ጸደይ ገብቶ የብርቱካኑ አበባ ሽታ እስከ ደረጃው ሲዘልቅ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት እሜቴ ያልጋነሽ ከመግቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጠሩኝ። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸው ነበር፤ የእኔም አማርኛ ግማሹ ዕብራይስጥ ነበር።

«አባትሽ ምነው ድምጡ ጠፋ?»

«ውስጥ ነው። ባስ።»

«ባሰ?»

«አዎ፣ ባስ። ከክረምት ጀምሮ ሁልጊዜ ባስ ነው።»

«እኔን ይድፋኝ! ምኑን ነው?»

ማዳመጫውን መጠየቃቸው መስሎኝ «ጆሮው ላይ ነው፣ ሁለቱም» አልኳቸው። «ስጠራው እንኳ አይሰማም።»

አዲስ አበባ ቢሆን «ቤዝ» ብዬ እገላገል ነበር። እኛ ግን የጊታሩን ስም ከዕብራይስጥ፣ የበሽታውን ከአማርኛ ወስደን፣ ሁለቱንም በአንድ አፍ እንናገራለን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት እሜቴ ያልጋነሽ ከኋላቸው ስድስት ሰው አስከትለው፣ ዳቦና ብርቱካን ይዘው ቆመዋል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣ ራሱን ይነቀንቃል።

«ወይኔ፣ ይንቀጠቀጣል እኮ!» አሉ አያ ደሴ፣ የአባቴን አባት ያውቁ የነበሩት ሽማግሌ።

አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ ሰባት ሰው ከፊቱ ተሰልፎ አየና ማዳመጫውን ነጥቆ አወለቀ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«አንተ ነህ እንጂ የባሰብህ!» አሉ እሜቴ ያልጋነሽ።

ነገሩ እስኪገባቸው ትንሽ ቆየ፤ ከገባቸው በኋላ ግን እሜቴ ያልጋነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። አያ ደሴ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ካሳመመህ አይቀር አሰማና» አሉ። አባቴ ማጉያ የለኝም አለ። እኔ ሮጬ የኮምፒውተሩን ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማውጫዎች አመጣሁና ሳጥኑ ላይ ሰካናቸው፤ የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ዝንብ ነበር። አባቴ ጥቂት አሰበና ሁለቱንም አዙሮ ከቁም ሳጥኑ ስስ ጣውላ ጋር አስጠግቶ አሰራቸው። ከዚያ አንዷን ክር ነካ።

ቁም ሳጥኑ ተናገረ። ውስጥ የተሰቀሉት የእናቴ ልብሶች ማንጠልጠያዎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። ጀርባዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ ቆምኩ፤ እያንዳንዱ ድምፅ በአከርካሪዬ ያልፍ ነበር። እሜቴ ያልጋነሽ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ትከሻቸው ብቻ ይሄድ ጀመር። አባቴ ይስቅ ነበር። ሲጫወት ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለካ ያ ሁሉ ሰዓት የሚጫወተው የሠርጎቹን ዘፈን ነበር፣ ዘፋኙ የሚገባበትን ቦታ ባዶ እየተወ። ከላይ ወለሉ ሦስት ጊዜ እስኪደበደብ ድረስ ተጫወተ።

«ያላ፣ በቃ» ብሎ ገመዱን ነቀለ። እንግዶቹ መርቀው ሄዱ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ስገባ ማዳመጫው ተመልሶ ጆሮው ላይ ነበር።

በበጋው ጠቅ ጠቁም ቀረ። ማዳመጫውን ያደርግና እጁን ክሮቹ ላይ አጋድሞ ዝም ብሎ ይቀመጥ ጀመር፤ የሳጥኑ መብራቶች ብቻ ይበሩ ነበር። ወርጄ ለእሜቴ ያልጋነሽ፣ በዚያ ጊዜ በማውቀው ምርጥ አማርኛ፣ «እሜቴ፣ አባባ ባሰበት» አልኳቸው። ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «አንቺ ቀጣፊ! ሁለተኛ አልሸወድም!» ብርቱካን ሰጥተው መለሱኝ። በልጅነቴ በአማርኛ ሳልሳሳት የተናገርኩት ትልቁ እውነት ያ ነበር፤ እርሱም ቀልድ ሆኖ ቀረ።

አሁን ነስ ጺዮና፣ ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቤት ብቻዬን እኖራለሁ። ማንም በሕንፃችን በር ላይ ወረቀት አይለጥፍም፤ ሁላችንም ማዳመጫችንን ጆሯችን ላይ አድርገን ነው የምንኖረው። አባቴ አሁንም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ስደውል «ቤሰደር ነኝ» ይላል፣ እኔም «ቤሰደር» ብዬ እዘጋለሁ። ያኔ ለሁለት ሰው አንድ ማዳመጫ ነበረን፤ ዛሬ ለየራሳችን አለን።

ስለዚህ ምክር አልሰጥም፤ አንድ ነገር ግን እጠይቃችኋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ጆሮውን ሸፍኖ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሂዱ፤ ገመዱን ንቀሉበት። ጎረቤት ወለሉን ከደበደበ ይደብድብ።